ውሃ እየጠጣ የደረቀ ሳር፦ የአንድ ባሕር ዳር ግቢ የጉዳይ ጥናት

ግቢው ባሕር ዳር ውስጥ ነው፤ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ከቤቱ ፊት ለፊት 10 ሜትር በ12 ሜትር፣ በጠቅላላው 120 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሳር አለ። ሳሩ ሰርዶ ነው። ከሦስት ክረምት በፊት በሐረግ ተተክሎ የመጀመሪያውን ዓመት ስጋጃ መስሎ ነበር። ጉዳዩ በታየበት በየካቲት አጋማሽ ግን ሦስት መልክ ይዟል፦ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ መሐሉ ወደ ግራጫ ያደላ፣ በውጪው በር በኩል ያለው ጥግ ደግሞ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽ ገለባ።

የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የሚያጠጡት የቤቱ ጥበቃ ናቸው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ፣ እሑድ በዓል ሳይሉ። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ «ውሃ ተጓደለበት» የሚል አልነበረም። መምህርቷ ጥፋቱን ለአፈሩ ሰጡ። ልጃቸው በቀን ሦስቴ ይጠጣ አለ። አንድ ጎረቤት በሽታ ነው ብሎ የሚረጭ መድኃኒት እንዲገዛ መከረ። ጥበቃው ደግሞ ለገና የተገዛው በግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ታስሮበት ስለነበር ነው አሉ። ከአራቱ ግምት ወደ እውነቱ ቀረብ ያለው የጥበቃው ነበር፤ እሱም የሚያስረዳው አንዱን ቦታ ብቻ ነው። የልጁ ምክር ቢፈጸም ደግሞ የውሃ ክፍያው ይጨምር ነበር እንጂ የደረቀው ጥግ ደረቅ እንደሆነ ይቀር ነበር።

ውሃው ሲለካ

ብዙ ሰው ሳር ሲደርቅበት መጀመሪያ ዶማ ያነሳል። እዚህ መጀመሪያ የተነሳው ጀሪካን ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን ከጎማው አፍ ሥር ተቀምጦ በስልክ ሰዓት ተያዘ፤ በ75 ሴኮንድ ሞላ። በደቂቃ 16 ሊትር ማለት ነው። በ20 ደቂቃ 320 ሊትር፣ በቀን 640 ሊትር፣ በሳምንት 4,480 ሊትር ይመጣል፤ በወር ከ19 ሜትር ኩብ ያልፋል። ሳሩ ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ ቆጣሪው ሲነበብም ከዚህ የራቀ ቁጥር አልወጣም።

ሊትሩን ወደ ዝናብ ልክ መለወጥ አያስቸግርም። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ 1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። 640 ለ120 ሲካፈል በቀን 5.3 ሚሊ ሜትር፣ በሳምንት 37 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ በዚህ ወቅት ፀሐይና ነፋስ በደንብ ከሚጠጣ መሬት የሚወስዱት በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይገመታል፤ ሰርዶ ደግሞ ድርቅ ቻይ ስለሆነ ከዚያ 70 በመቶ ያህሉ ይበቃዋል። በሞቃቱ ሳምንት እንኳ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ይህ ግቢ ከሚፈልገው ላይ ግማሽ ያህል ተጨምሮ እየፈሰሰበት ነው የደረቀው።

ቀጥሎ ውሃው የት እንደሚያርፍ ታየ። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አፉና ታቹ እኩል የሆነ የቲማቲም ድልህ ጣሳ 12 ተሰበሰበ። የአፉ ስፋት 7.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በጣሳው ውስጥ የተገኘ 4.4 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ውሃ በማስመሪያ ሲለካ ያሳስታል፤ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የ20 ሚሊ ሊትር መርፌ (ያለ ሹሉ) ግን እቅጩን ይናገራል። ጣሳዎቹ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት ሆነው በሳሩ ላይ ተደረደሩ፤ ጥበቃውም እንደ ወትሯቸው እንዲያጠጡ ተነገራቸው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስህተት ይሠራል። የሚያጠጣው ሰው እየተለካ መሆኑን ሲያውቅ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ልኬቱ ሁለት ጊዜ ተደግሞ የሁለተኛው ተያዘ፤ በሁለተኛው ጣሳዎቹ ተረስተዋል።

ከቧንቧው አጠገብ ባለው ረድፍ የተገኘው 22፣ 20፣ 19 እና 15 ሚሊ ሊትር ነው። በመሐለኛው 13፣ 12፣ 10 እና 8። በሩቁ ረድፍ 5፣ 4፣ 2 እና 2። አማካዩ 11 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከጎማው ከወጣው 2.7 ሚሊ ሜትር ጋር ሲተያይ ጥቂቱ ብቻ በሲሚንቶው መተላለፊያና በግንቡ ላይ ባክኗል። አማካዩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ያለው አማካዩ በደበቀው ነገር ውስጥ ነው። በሦስቱ ዝቅተኛ ጣሳዎች ያለው ውሃ የአማካዩ ሩብ አይሞላም። በሩቅ ጥግ በአንድ ጊዜ የሚያርፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርስም። ያ ቅጠሉን አርጥቦ ረፋድ ላይ ይተናል፤ አፈሩ አያየውም። ከቧንቧው ሥር ያለው ደግሞ በቀን 10 ሚሊ ሜትር ይጠጣል፤ ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ያህል። እዚያ እንግጫ በቅሏል። እንግጫ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነቀላ ደስ የሚል ነገር ነው፤ በሰርዶ መሐል በበጋ ሲታይ ግን መሬቱ ሳይጠፈጠፍ መክረሙን ይመሰክራል።

ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ጎማው 15 ሜትር ነው፤ ከቧንቧው እስከ ሩቁ ጥግ ደግሞ 17 ሜትር አለ። ጥበቃው የጎማውን አፍ በአውራ ጣት ጨቁነው ውሃውን ወደ ሩቅ ይወረውራሉ፤ የሚቆሙት ከቧንቧው አጠገብ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በበሩ በኩል ፊት ለፊት ትመጣለች፤ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የተወረወረውን ውሃ መልሶ ያመጣል። ማንም ሰው እዚያው ጥላው ሥር ይቆም ነበር።

ከላይ ርጥብ፣ ከሥር ደረቅ

ለአፈሩ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጫፉ የተሳለ ባለ 8 ፌሮ በቂ ነው። ሳሩ እንደጠጣ በእጅ ብቻ ይወጋል፤ ርጥብ አፈር ያስገባዋል፣ ደረቅ ያቆመዋል። ከቧንቧው አጠገብ 15 ሳንቲ ሜትር ገባ። በመሐል 4 ላይ ቆመ። በሩቁ ጥግ 2 ላይ። ሳሩን አቋርጣ ከበሩ ወደ ቤቱ በምትወስደው፣ የአንድ ሜትር ስፋት ባላት የእግር መተላለፊያ ላይ 3 ላይ።

ከዚያ ከመሐሉ በአካፋ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁራጭ ተነሳ። እንደ ዳቦ ቆርጦ ማየት ይቻል ነበር፦ ከላይ 4 ሳንቲ ሜትር ጥቁርና ተጣባቂ፣ ከዚያ በታች አመድማ፣ የተሰነጠቀ፣ በጣት ሲጫኑት የማይበገር ዋልካ። ሥሩ ሁሉ ከላይኛው 4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ እንደ ጥልፍ ተጠላልፎ ቀርቷል። ሰርዶ ቢፈቀድለት ከአንድ ሜትር በታች የሚወርድ ሣር ነው።

ሥሩ ከላይ የቀረበትን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ከባድ አፈር በአንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለሥር የሚያካፍለው ውሃ በግምት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሥሩ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሳሩ ጎተራ 6 ሚሊ ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ግማሹ ሲያልቅ ሳሩ መጠማት ይጀምራል፤ ያ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንድ ቀን ፍጆታ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በየቀኑ ማጠጣት ግድ ሆነ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲጠጣ ደግሞ ውሃው ከ4 ሳንቲ ሜትር አይወርድም፣ ሥሩም ውሃ ወደሌለበት አይሄድም። ሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ጎተራው 22 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ግማሹ 11 ነው፤ ያ ሦስት ቀን ያቆያል። 30 ቢደርስ ሳምንት።

ይህ ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በመራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ስንዴ የሚያለማ ሰው በየማለዳው እየወጣ ማሳውን አያርከፈክፍም፤ ተራው ሲደርስ አጥግቦ ያጠጣና እስከሚቀጥለው ተራ ይተወዋል። ከተማ ገብቶ ጎማ ሲይዝ ነው ሰው ይህን የሚረሳው።

የዋልካው ጠባይ ደግሞ ለብቻው መታየት ነበረበት። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ተሰንጥቆ ሳለ የፈሰሰበትን ውሃ በስንጥቁ ውጦ ወደ ታች ስለሚወስድ «ጠጣ» ያሰኛል። ሲረጥብ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያስገባው በጣም በዝግታ ነው። ለመለካት ታችና ላዩ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ገብቶ በውስጡ 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ተጨመረ። ስንጥቁ እንዲዘጋ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጠጥቶ ነበር። በመሐል ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ በሰዓት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በመተላለፊያዋ ላይ ግን ማታ የተጨመረው ውሃ ጠዋትም አልጠለቀም።

በበሩ በኩል ባለው ጥግ ሌላ ነገር ተገኘ። ፌሮው በመዶሻ ሲመታ 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ድንጋይ የነካ ድምፅ ሰጠ። ሲቆፈር ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ ሆኖ ተገኘ፤ የደረቀ ቡኮ፣ የብሎኬት ስባሪና ጠጠር በ6 ካሬ ሜትር ላይ ተነጥፎ አፈር ለብሷል። እዚያ ምንም ያህል ውሃ ቢፈስ የሚያቆየው አፈር የለም፤ የሲሚንቶው ኖራማነትም ሥሩን ያውካል። ግንባታ ያለፈበት ግቢ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ጥግ አያጣም፤ ብዙውን ጊዜም ከበሩ አጠገብ ነው፣ አሸዋውና ሲሚንቶው የሚራገፈው እዚያ ስለሆነ።

የበጉ ጉዳይስ? በጉ ታስሮበት የነበረው ቦታ በገመዱ ልክ ክብ ሆኖ ተደላድሏል፤ በክቡ ውስጥ እንደ ሳህን የሰፉ፣ መሐላቸው የነደደ፣ ዙሪያቸው ግን ከሌላው ሳር የጠቆረ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ነበሩ። ይህ የሽንት ምልክት ነው፤ መሐሉን ያቃጠለው ናይትሮጅን ዳር ላይ ቀጥኖ ሲደርስ ማዳበሪያ ይሆናል። ጎረቤት «በሽታ» ያለው ይህን ነበር። በሽታ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ዳሩ ይደርቅ ነበር እንጂ አይለመልምም። ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ተብሎ ፈሰሰበት፤ ከዚያ ያለፈ ሕክምና አላስፈለገም።

ያልሠራው

ልጅየው ሦስት ክንድ ያለው የሚሽከረከር የውሃ መርጫ ገዝቶ መጣ። መጀመሪያ የተገጠመው ከሮቶው ጋር ነው፤ በከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የቤቱ ሰው የሚያምነው ሮቶውን ነው። አልዞረም። ውሃው ከእግሩ ሥር ተንጠባጠበ። ሮቶው የተቀመጠው 3 ሜትር ከፍታ ባለው ብረት ላይ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ስለሆነ 3 ሜትሩ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው። እንዲህ ያለው መርጫ በደንብ ለመዞር 2 ባር ያህል ይፈልጋል።

ከዚያ በቀጥታ ከመሥመሩ ጋር ተገጠመ፤ ንጋት ላይ ዞረ፣ 5 ሜትር ያህልም ረጨ። ጣሳዎቹ ሲደረደሩ ግን ከመርጫው 1 ሜትር እስከ 3 ሜትር ባለው ቀለበት ውስጥ ያሉት ሞሉ፤ አራቱ ማዕዘን ደረቅ ቀረ። ክብ የሚረጭ ዕቃ አራት ማዕዘን መሬት ላይ ሲቀመጥ ወይ ማዕዘኑ ይቀራል ወይ ግንቡ ይታጠባል። ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ርጭቱ ወደ 3 ሜትር አጠረ። ባለ አራት መርጫ መሥመር ቢቀበር ይሠራ ነበር፤ ለ120 ካሬ ሜትር ሳር ያን ያህል ወጪ ማውጣት ግን በእኛ እምነት ትርፍ ነው፤ ውሃው የሚመጣበት ሰዓት በማይታወቅበት ሰፈር ደግሞ ይበልጡን።

ሁለተኛው ያልሠራ ነገር የመተላለፊያዋን መሬት ለማላላት ባለ 12 ፌሮ በመዶሻ መውጋት ነበር። ሥራው የተሠራው ሳሩ እንደጠጣ ነው፣ ፌሮው በቀላሉ ስለሚገባ። ርጥብ ዋልካ ግን ሲወጋ አፈሩ ወደ ጎን ይጨመቃል፤ የቀዳዳው ግድግዳ እንደ ሸክላ ማሰሮ ውስጡ ይለሰናል፣ ውሃም አያሳልፍም። በሳምንቱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃ ቆሞ ትንኝ ይዞባቸዋል።

የሠራው

መርጫው ወደ ዕቃ ቤት ገባ፤ ጎማው ተቀየረ። 25 ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ክር ያለው የ3/4 ኢንች ጎማ ተገዛ፤ ቧንቧው ላይ በፋሸታ ጠበቀ። አፉ ላይ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ የሻወር ራስ ተገጠመለት፤ በአውራ ጣት የተጨቆነ ውሃ አፈሩን ስለሚመታና ገጹን ስለሚያለስን ነው። ጎማው ስለረዘመና ሻወሩ ስለተጨመረበት ጀሪካኑ እንደገና ተለካ፤ በሚጠጣበት በንጋት ሰዓት 20 ሊትሩ በ80 ሴኮንድ ሞላ፣ በደቂቃ 15 ሊትር። ዕቃ በተቀየረ ቁጥር ይህን መድገም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከዚህ በታች ያለው የደቂቃ ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሳሩ በ12 መደብ ተከፈለ፤ እያንዳንዱ 2.5 በ4 ሜትር፣ 10 ካሬ ሜትር። መደቡ በሲባጎ ተለክቶ ዳር ዳሩ ላይ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ተቀመጠ። 12 ሚሊ ሜትር ለመስጠት አንድ መደብ 120 ሊትር ይፈልጋል፤ 8 ደቂቃ ማለት ነው። ስምንቱን ደቂቃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ግን አይቻልም፤ ዋልካው በሰዓት የሚያስገባው 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውሃው ወደ ሲሚንቶው መተላለፊያ ይሄዳል። ስለዚህ በአራት ዙር ተከፈለ። በየዙሩ አንድ መደብ 2 ደቂቃ ይጠጣል፤ 30 ሊትር፣ 3 ሚሊ ሜትር። 12ቱ መደብ 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ ተዞሮ ሲመለስ የመጀመሪያው መደብ 22 ደቂቃ አርፎ ጠጥቶ ይጠብቃል። አራቱ ዙር 96 ደቂቃ ይፈጃል፣ 1,440 ሊትርም ይወስዳል።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሆነ። ጥበቃው ያን ጊዜ ነቅተው ነው የሚያድሩት፤ ግፊቱ ጥሩ ነው፤ ነፋስ የለም፤ ጠዋት 1 ሰዓት አለፍ ሲል ያልቃል፣ ቅጠሉም ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል። አመሻሽ ላይ ማጠጣት ቀረ። ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ ርጥብ ሆኖ ሲያድር የሻጋታ በሽታ ይጋብዛል፤ በጥቅምት፣ አየሩ ገና ርጥብ ሳለ፣ ይህ ይብሳል።

ሥሩ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ሳር ግን በአንድ ቀን በሳምንት ሁለቴ ወደመጠጣት አይሸጋገርም፤ ጎተራው አያቆየውም። የተሄደበት መንገድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በተከታታይ ሁለት ቀን አራት አራት ዙር ጠጥቶ ከሥር ያለው ደረቅ ዋልካ እንዲርስ ተደረገ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ሦስት ዙር። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በየሦስት ቀኑ አራት ዙር። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ፣ አራት ዙር።

ለመተላለፊያዋ በፌሮው ምትክ 3/4 ኢንች የብረት ቧንቧ ቁራጭ አፉ በሞረድ ተስሎ ተዘጋጀ። መሬቱ ከጠጣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሲጨመቅ የሚፈረካከስ ሲሆን፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ 8 ሳንቲ ሜትር እየገባ አፈሩን ይዞ እንዲወጣ ተደረገ። ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው አፈር በባለ 8ቱ ፌሮ እየተገፋ ይወጣል። በመንገዷ 10 ካሬ ሜትር ላይ 50 ሊትር የተነፋ፣ የበሰለ ፍግ ተበትኖ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳዎቹ ተጠረገ። አሸዋ እንዲጨመር የመከሩ ነበሩ፤ ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነው ጡብ ስለሆነ ቀረ። ሰው መሄዱን ስለማይተው በመንገዷ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእርምጃ ልክ ተነጠፈ።

ሳሩ በማጭድ ሲታጨድ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርድ ነበር። ወደ 4 ከፍ አለ፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶው በላይ አይቆረጥም። አጭር ሳር አጭር ሥር አለው። ዩሪያ እስከ ግንቦት ድረስ ተከለከለ፤ ሥር የሌለውን ሳር ቅጠል እንዲያወጣ ማስገደድ ጥማቱን ያብሳል። ያኔም የተሰጠው ለ120 ካሬ ሜትሩ በሙሉ 600 ግራም ብቻ ነው፤ በደረቅ ቅጠል ላይ ተበትኖ ወዲያው ሁለት ዙር ጠጣ።

የሆነው

በሁለተኛው ሳምንት መሐሉ ይበልጥ ገረጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ግን ለሚያየው ሰው አያስችልም። በአንዱ የዕረፍት ቀን ጠዋት ጣሳዎቹ ባዶ መሆን ሲገባቸው በመሐሉ ረድፍ 9 ሚሊ ሊትር ውሃ ተገኘባቸው። ዝናብ አልዘነበም። ጥበቃው ሳሩ አሳዝኗቸው አመሻሽ ላይ ጥቂት አርከፍክፈውለታል። የተደረገው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ የእግር ዱካ ማየትን እንዲለምዱ ነው። አመሻሽ ላይ በሳሩ ላይ ይረገጣል። ቅጠሉ ወዲያው ቀና ካለ አልጠማውም። ዱካው ተኝቶ ከቆየና ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ካደላ በማግስቱ ንጋት ይጠጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳዎቹ በዕረፍት ቀን ባዶ ሆነው አደሩ።

በአምስተኛው ሳምንት በአራቱ ዙር ልክ ጣሳዎቹ እንደገና ተለኩ። ዝቅተኛው 38፣ ከፍተኛው 62፣ አማካዩ 50 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ 11.4 ሚሊ ሜትር። የሦስቱ ዝቅተኛ ጣሳዎች አማካይ 40 ነው፣ ከጠቅላላው አማካይ 80 በመቶ። በመጀመሪያው ልኬት 24 በመቶ ነበር። በእጅ ለሚጠጣ ሳር ከዚህ በላይ መጠበቅ አይገባም።

በመጋቢት መጨረሻ ከመሐሉ በተነሳው ቁራጭ ነጭ አዳዲስ ሥር እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ወርዷል፤ በግንቦት አጋማሽ 14 ደረሰ። የሳምንቱ ፍጆታ ከ4,480 ሊትር ወደ 2,880 ወረደ፣ በወር ከ19 ሜትር ኩብ ወደ 12 ገደማ። በሚያዝያና በግንቦት አልፎ አልፎ ለጣለው ዝናብ አንዱ ጣሳ ሜዳ ላይ ተትቶ ነበር፤ 44 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር፣ ከተገኘበት የሚቀጥለው ተራ ይዘለላል። ውሃ በፈረቃ ምክንያት ማክሰኞ ሳይመጣ ሲቀር ረቡዕ ይጠጣል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ከእንግዲህ ለሳሩ ምንም አይደለም።

የሲሚንቶው ጥግ በግንቦት መጨረሻ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ፍርስራሹ ወጣ፤ ሦስት እጅ ቀይ አፈርና አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ተሞላበት፣ ሲረግጡት እንዳይሰምጥ በእግር ተደላደለ። ሰኔ ውስጥ ዝናቡ ሲጸና፣ ከራሱ ከግቢው ከተወሰደ የሰርዶ ሐረግ ሁለት ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እየገባ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ተተከለ። በነሐሴ ተጋጥሟል።

በክረምት ጎማው ተጠቅልሎ ተሰቀለ። ባሕር ዳር በሐምሌና በነሐሴ እያንዳንዳቸው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለምታገኝ የዚያን ጊዜ ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው፤ በዝቅተኛው ዳር አንድ አካፋ ስፋት ያላት ቦይ ወደ ውጪ ተቀደደች። ውሃ ማጠጣት የተጀመረው በጥቅምት አጋማሽ፣ ዱካ መተኛት ሲጀምር ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በሳምንት አንዴ በቃው።

ማንጎው ሥር ያለው ቦታ ግን አልዳነም። ሰርዶ ፀሐይ ወዳድ ነው፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ካላገኘ ይሳሳል፣ ውሃ ይህን አይተካለትም። ሁለት ጊዜ ተተክሎ ሁለቴ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ መሞከሩ ቀርቶ ጠጠር ተነጠፈበት፤ አሁን ጥበቃው ወንበራቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። የመጪው ፋሲካ በግም የሚታሰረው እዚያው እንደሆነ ተነግሮናል።